ሌላ ጨዋታ ለጠየቀኝ

ሶፎንያስ ወንድሜ፣ መልእክትህ ደረሰኝ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ እንደ መርዶ ነጋሪ አንኳኩቶ ቀሰቀሰኝ።
«ያ ጨዋታ ሞተ፣ ሰርቨሩን አጠፉት፣
አራት ዓመት ሙሉ ያሳደግኩትን ሰው በአንድ ሌሊት ቀበሩት፤
ሌላ ምን አለልኝ? ስንቱን ሞክረሃል፣
የኔን ጠባይ ደግሞ ካንተ ማን ያውቀዋል?»

እሺ፣ ስማኝ እንግዲህ። አስቀድሜ ልንገርህ፣
እንደ ሻጭ አይደለም እኔ የምመክርህ።
ቱሉ ዲምቱ ዳር ላይ፣ ብሎክ መቶ አርባ ሁለት፣
አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ አሳንሰር የሌለበት፤
ቀን ውኃ ተሸክሜ ደረጃ እወጣለሁ፣
ማታ ሰይፍ ይዤ ደረጃ እቆጥራለሁ፤
የቱ የቱ እንደሆነ እኔም ይምታታብኛል፣
እግሬ ብቻ ያውቃል፣ ጉልበቴ ይነግረኛል።
ከበሩ ውጭ ጅብ አለ፣ ከስክሪኑ ዘንዶ፣
ስልኬ እንደ ከሰል ፍም በመዳፌ ነዶ።

የሰይፉን ጨዋታ አገሩ ሁሉ ያወድሰዋል፣
ሥዕሉ ያምራል፣ አልዋሽም፤ ግን ባትሪህን በሩብ ሰዓት ልሶ ይጨርሰዋል።
ሌላም አለ፣ የነጋዴ፤ ፈረሱ በዶላር፣
ጋሻው በዶላር፣ ክንፉ በዶላር፤
ዶላሩን ከየት አባታችን አምጥተን?
ገንዘብ ያለው ይበርራል፣ እኛ በእግር ቀርተን።

የኔው ግን «የጉም ደጅ» ይባላል።
ሥዕሉ ያረጀ ነው፣ ዛፉ ሳጥን ይመስላል፤
አማርኛ የለውም፣ ካርታውም ይስታል፣
ድንክ አንጥረኛው ሁሌ አንድ ቃል ይደግማል።
ግን አንድ ነገር አለው፣ ሌላው ጋ ያላየሁት፣
እኔም በመብራት መጥፋት በአጋጣሚ ያገኘሁት፦

መስመር ሲቆረጥብህ ሰውዬህ አይሞትም፣
ካለበት ቁጭ ይላል እንጂ ወድቆ አይቀርም፤
አላፊ አግዳሚው አይቶ፣ ስሙን እንኳ የማያውቀው፣
አዝሎት ይሄዳል ወደ ማደሪያ፣ ከእሳት ዳር ሊያሞቀው።
ባለፈው ክረምት ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ፣
ሦስት ቀን ጨለማ ነበር ሰፈራችን ሞቶ፤
በአራተኛው ስገባ ሰውዬዬን ፈለግሁት፣
ካፋፉ ላይ ነበር የተውኩት፣ ከድልድዩ ማዶ አገኘሁት።
ብርድ ልብስ ለብሷል፣ አጠገቡ ዳቦ አለ፣
ከዳቦው ሥር ወረቀት፣ «ተኩላ ስለነበረ አዘልኩህ፣ ይቅርታ» ያለ።
የፈረመው «ቀበሮ ሰባት» ነው። ማን ነው? አላወቅሁም፤
ከአዳማ ይሁን ከብራዚል፣ እስካሁን አልጠየቅሁም።

እዚህ ሁለት ዓመቴ ነው። ከፊቴ ላለው በር
ስም እንኳ አላውቅለትም፣ ከ«ደህና ዋሉ» በቀር።
ጀሪካኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አምልጦኝ ሲንከባለል፣
አራት በር ገርበብ ብሎ አራቱም ተዘጋ፣ «እግዜር ያውጣህ» ሳይል።

አውቃለሁ ምን እንደጠፋህ። ሰይፉ አይደለም፣ ግንቡም፣
አስማቱም አይደለም፣ ያጠራቀምከው ወርቁም።
ሰፈር ፈርሶ ስንበተን፣ አንተ ለገጣፎ፣
ምሕረትአብ ገላን፣ ኤፍራታ ከሰበታም አልፎ፣
ማታ ማታ ከዚያ ግንብ ሥር እንሰበሰብ ነበር፤
ዘንዶው ቆሞ ይጠብቀናል፣ እኛ ስለ ቤት ኪራይ ስንከራከር።
ያንን አይመልስልህም። አልዋሽህም፣ ሶፊ፤
ጨዋታ ነው፣ ሌሊት ነው፣ ሲነጋ አላፊ።

ግን ግባ። ስም ስትመርጥ የድሮውን አታምጣ፣
ከባዶ ጀምር፣ ያለ ጋሻ ውጣ።
ቀስተኛ አትሁን፣ ቀስተኛ በዝቷል፤ ፈዋሽ ይሻልሃል፣
ክፍያው ትንሽ ነው፣ ግን ሰው በስም ይጠራሃል።
የሰሜኑን ረግረግ ብቻህን አትሻገር፣
ከአሥር ደረጃ በታች ከእንቁራሪቶቹ ጋር አትነጋገር።

እኔ ከድልድዩ ማዶ፣ እሳቱ ዳር አለሁ።
መብራት ከሄደ ግን (ይሄዳል!) ዝም እላለሁ፤
ሳልመልስልህ ብቀር ኩራት አይምሰልህ፣
እንደ ድንጋይ ቁጭ ብዬ ብታገኘኝ፣ እባክህ፣
ዳቦው እንኳ ይቅር፣ ብቻ አዝለህ አሻግረኝ፤
ክብደቴ ቀላል ነው፣ አራተኛ ፎቅ በጀሪካን ያቀለለኝ።