ሃያ ሜትር

ካርታው ሦስት ቦታ ታጥፎ የኖረ ነው፣ እጥፋቱ የሳሳ፤
ከውኃ ቢሮው ሣጥን ስመዘው፣ ከነአቧራው ተነሳ።
ሸበል ላይ ተቀዷል። አባይ ላይ፣ አንዱ በፕላስተር ለጥፎታል።
“ቧንቧው በየት ይውረድ?” ነው የኔ ሥራ፤ ወረዳው ቸኩሏል።

የዕድውሃ ማታ መብራት ሲጠፋ፣ በስልኬ ጭላንጭል
ጣቴን አስከትዬ ወረድሁ ከደጋው፣ እስከ አባይ ገደል።
ኮረብታው አውድማ ይመስላል፣ በሬ እንደዞረበት፣
ቡናማው መስመር ክብ በክብ ሄዶ፣ ተመልሶበት።
መስመር ሲራራቅ ሜዳ ነው፤ ጤፍ ይበቅላል።
ሲጠጋጋ ዳገት። ሲነካካ ገደል፤ እንደ ስሙ ይሆናል።
ወደ ዳገቱ ከሾለ፣ እዚያ ጋ ካርታው “ውኃ” ይላል፤
ሰማያዊ ነጠብጣብ ነው ግን። በክረምት ብቻ ይሞላል።

ጠዋት ለአያ አንማው፣ ድንጋይ ላይ ዘረጋሁለት፤
ማርና በርበሬ ከቆላ ሲያወጣ፣ ጉልበቱ ያለቀበት።
“ሰሜኑ በዚህ ነው” ስለው፣
ዘቅዝቆ ያዘና፣ “እኛ የምንመጣው ከታች ነው” አለ፤
“ጎንበስ ብሎ ለሚወጣ ሰው፣ ደግሞ ምን ሰሜን አለ?”

“ታጫውት የወደቀችበትስ?” አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።
ፈለግሁት። ሺህ አራት መቶ፤ ሺህ አራት መቶ ሃያ፤
መሀሉ ነጭ ወረቀት፣ ምንም የማያወሳ።

ወረድን። ገመድ ጣልሁ። ድንጋዩ ቀጥ ያለ፣ አሥራ ስምንት ሜትር።
ካርታው በሃያ በሃያ ነው የሚራመድ፤ ከዚያ በታች አይቆጥር።
ሴቶቹ ግን ይቆጥሩታል፣ በእግር ጣት፣ በጥፍር፣
ሃያ ሊትር ጀሪካን ታዝሎ፣ ትንፋሽ ሲሰባበር።
አያ አንማው ቆቡን አወለቀ። ልጁ እንደነበረች
አልነገረኝም፤ ሌላ ሴት ነች፣ ምንጩ ላይ ሹክ ያለች።

ቢሮ ስመለስ፣ በሁለቱ መስመር መሀል፣ በቀይ እርሳስ
ጥርስ ያላት ጭረት ጫርሁ፣ ወረቀቱ እስኪበሳ ድረስ።
ኃላፊው መጣ። “ይኸ ከመለኪያው ውጭ ነው” አለና
ካርታውን ወደ ሰሜኑ አቀናው፣ መነጽሩን ጠራርጎ እንደገና።

ሲወጣ ገለበጥሁት።
አሁን አባይ ከላይ ነው።
ቧንቧው በየት እንደሚወርድ አልጻፍሁም፤ ገና ነው።
ውኃው በየት እንደሚወጣ፣ በማን ጀርባ፣
እሱን ግን አይቼ ነው።