በሰው ጸደይ

ቢተው ተማሪዬ ነበር። ካርታ ሥሩ ባልኋቸው ቀን
ባሕሩን ቡናማ ቀብቶ አመጣ፤
«ምነው?» ብለው፣ «እኔ ያየሁት ውኃ ዓባይን ነው፣ በክረምት ሲቆጣ።»
ዛሬ ስቶክሆልም ነው ያለ፤
«ጋሼ፣ በጸደይ ይምጡ» አለ፤
የሚታየውን፣ የሚደረገውን፣
ባንድ ገጽ ቁጥር ሰጥቶ፣ ጽፎ ላከልኝ ሁሉን።

በጸደይ?
በማን ጸደይ?
የኛስ መስከረም ነው፣ ጮቄ ጉሙን ሲያወልቅ፣
ጤፉ ሲያንሰራራ፣ አደይ ሜዳው ላይ ሲፈነድቅ።
የነሱ ሚያዝያ ላይ ነው፤
እዚህ ምድር ከንፈሯ ሲሰነጠቅ፣
ገበሬው ሞፈሩን አስደግፎ ሰማይ ሰማይ ሲያይ፣ ደመና ሲጠብቅ።
ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማርሁ፣ ብርቱካን በሽቦ ወግቼ፣
ሻማ ዙሪያ አዙሬ፣ አጋድዬ፤
ለካ እኔም አልገባኝ ኖሯል፣ «ገባችሁ?» ስል ከርሜ፣ ስል ውዬ።

አዲስ አበባ ሄጄ በመስኮቱ ፊት ቆምሁ፤
«ለመመለስዎ ምን ዋስ አለዎት?» አለችኝ፤ ቆጠርሁ፤
የሻረግ፣ ሁለት ቀፎ ንብ፣ ጡረታ፣ የጓሮ ጌሾ፣ የጓሮ በር።
አልበቃም። ባለማኅተም ወረቀት ሰጡኝ፤ «አይመለሱም» የሚል ነበር።
እኔ ከመንቆረር ወጥቼ የት ከርሜ አውቃለሁ?
ሄዶ የቀረስ ቢተው ነው፤ እሱን ማን ጠየቀው? እላለሁ።

«እንግዲህ» አልኋት የሻረግን፣ «ዝርዝሩ በእጄ ነው፣ ሚያዝያም ገብቷል፤
ስቶክሆልም እንቢ ካለ፣ ደብረ ማርቆስ ምን ጎድሎታል?»

አንደኛ። በንጉሡ አትክልት ቦታ፣ ሮዝ አበባ ከሚያፈሰው ዛፍ ሥር መቆም።
ከግብርና ቢሮው ጀርባ አንድ ኮክ አለ፤ ሄጄ ቆምሁ።
ዘበኛው፣ «ምን ፈልገው ነው?» አለኝ።
«ቆሜያለሁ» አልሁ።
አንዲት አበባ ትከሻዬ ላይ ወደቀች፣ አላራገፍኋትም፤
ዘበኛውም ወንበር አወጣልኝ እንጂ፣ ሌላ አልጠየቀኝም።

ሁለተኛ። በጀልባ ከደሴት ደሴት።
ውትርን በሚያዝያ ከቁርጭምጭሚት አታልፍም፤
ጫማዬን በእጄ ይዤ ተሻገርሁ፣ ተመለስሁ፤ ሒሳብ የጠየቀኝ የለም።

ሦስተኛውን፣ ኮምጣጤ ውስጥ የተነከረውን ዓሣ፣ ሁዳዴ ስለነበር ዘለልሁት።

አራተኛ። የሰጠመች መርከብ አለች፣ ከባሕር ወጥታ ቤት የተሠራላት፤ ማየት።
ከሟቹ ሾፌር ከአያ ደሴ ግቢ ጎማ የሌላት ፊያት አለች፤
ዓባይ በረሃን ስንቴ ወጣች፣ ስንቱን ሙሽራ፣ ስንቱን ሬሳ አደረሰች!
አሁን ዶሮ ታቅፎባታል። ልጁ እንጉዳይ በሩን ከፈተችልኝ፤
መሪውን ያዝሁ። «ጡሩንባዋ ይሠራል» አለችና አስነፋችኝ።

ስድስተኛ። ሰዉ ከቢሮ ወጥቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፀሐይ ይጠጣል፤ እርስዎም ይጠጡ።
ከፖስታ ቤቱ ግድግዳ ሥር፣ በቀትር፣ ባርኔጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ጨፈንሁ፤
ስነቃ ሁለት ብር ባርኔጣው ውስጥ አገኘሁ።
የሻረግ ሰምታ በሳቅ ልትሞት፤
«ይኸው አበልህ፣ አገር ለጎበኘህበት!»

የመጨረሻው። ሚያዝያ ሃያ ሁለት ማታ እሳት ይነዳል፣
ክረምቱ ይሸኛል።
እኛ የመስከረም ደመራ፣ እነሱ የሚያዝያ፤
ክረምት ነው እንጂ የተለያየ፣ እሳትማ እሳት ነው፣ እዚህም እዚያ።
የበቆሎ አገዳ ከመርሁ። ባለማኅተሙን ወረቀት ለማቀጣጠያ አወጣሁ፤
«ተው!» አለች የሻረግ፣ «ማኅተም ያለበት አይቃጠልም»፤ መልሼ አጣጠፍሁ።
በደረቅ ባሕር ዛፍ ቅጠል ለኮስነው፤ እንደ ሁለት ቱሪስት ዳርና ዳር ተቀመጥን፤
ስንት ዘመን አብረን ስንኖር፣ ለማየት ብቻ እሳት አንድደን አናውቅም፤ ሳቅን።
ገና ነዶ ሳያበቃ፣ ከጮቄ በኩል ነጎደ፤
የዓመቱ የመጀመሪያ ጠብታ ፍሙ ላይ ወረደ።
አልተነሣንም። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ እልል አለ፤
ለእሳታችን መስሎኝ ነበር።

ቢተው ልጄ፣ ዝርዝርህን ጨርሻለሁ፤
አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ መልሱን እጠብቃለሁ፤
እዚያ ያለው ባሕር፣ ሠርክ የምታየው፣
ዛሬ ካርታ ብትሥል፣ በምን ቀለም ነው የምትቀባው?