የፈቃድ ቅጽ

ቅጹ ሦስት ሳጥን አለው፤
ሕመም። ሐዘን። ሠርግ።
ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው ምልክት የሚደረግ።
የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ፣ ምን ብዬ ልጻፈው?
ፀሐይ በጠራራ ቀን ስትጨልም ላያት ነው።

ወሬውን ያመጣችው ማራሜ ናት፣ መስመር ሰባት፣
እጅጌ ስትገጥም የምትውል፣ ሳቅ የማያልቅባት፦
«ከእኛ መንደር በላይ ካለው ከእንሰቱ ዳር
ሙሉ ቀለበት ትሆናለች፤ እዚህ ሀዋሳ ግን ሳይሞላ ነው የሚቀር።»

ከታቦር ሥር ባለች ክፍላችን፣ አልጋው ላይ ተቀምጠን፣
በካርቶን ክዳን ላይ፣ በጨርቅ ጠመኔ ጻፍን፦
ዳቦ አራት። ውሃ። ጃንጥላ፣ ክረምቱ አይታመን።
የብየዳ መስታወት ከበር ሠሪው ከሙዘይን፤
ጥቁሩን፣ አሥራ አራት ቁጥሩን፣ ሌላው ይጎዳል ዓይን።
መኪናው የላታሞ አይሱዙ፣ ሌሊት ድንች ሊጭን ባዶውን የሚወጣ፤
ከኋላ ጆንያ ላይ ነን፣ ብርዱም ቢመጣ ይምጣ።

ዎይናለም ተቆጣች፦
«የሁለት ቀን ምሳ ከፍለን፣ ለአራት ደቂቃ ጨለማ!
እዚህ መብራት ሲጠፋ በነጻ አይደል እንዴ፣ ያውም ለመላው ከተማ?»
ስሟን ግን ከዝርዝሩ አልሰረዘችም።

እውነቱን ልናገር።
ፀሐይን የማውቃት በሰርቪስ መስኮት ነው፤
ስንገባ ገና ናት፣ ስንወጣ ሄዳለች።
ሼዱ ጣራው ሩቅ፣ መብራቱ የማያንቀላፋ፤
ለሰው አገር በጋ ሸሚዝ ስንሰፋ
የእኛ ቀን በየት በር እንደወጣ ጠፋ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትጋረድ ተጋርዳብኝ፣
አሁን በይፋ ስትጋረድ ልሂድላት፣ ምን አለብኝ?

ተቆጣጣሪው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።
«ምክንያት?»
ሕመም ልበል? ፊቷ ሊጠቁር ነው፣ ያውም በቀትር።
ሠርግ ልበል? ጨረቃ መጥታ ቀለበት ልታስር።
ሐዘን ልበል? ቀን ይሞታል፣ ዶሮ ሳይመሽ ቆጥ ይወጣል፤
ሣልስቱን እንኳ ሳይጠብቅ በአራት ደቂቃ ይነሣል።

ሦስቱም ላይ ምልክት አደረግሁ።
ከታች «ከባለጉዳዩ ጋር ያለዎት ዝምድና» ይላል።
«ድሮ እንተዋወቅ ነበር» ብዬ ጻፍሁ።

አነበበው። አልሳቀም።
«ዓርብ ነይ» አለኝ።

ማታ ማራሜ በረንዳ ላይ ቆማ፣ ከሐይቁ ወዲያ
የተከመረውን ደመና በዓይኗ ስትገፋ፣
ዎይናለም ካርቶኑን ከአልጋው ሥር ሳበችው፤
ዳቦ አራት የሚለውን በመዳፏ ጠርጋ
አምስት አደረገችው።