«ደረሰኝ» የሚባል አቃፊ

ጥቅምት ነው፣ ኢሳፍዮርዱር፣ ከዓሣ ፋብሪካው ቢሮ፣
መስኮቱን ውርጭ ልሶት፣ ወደቡ በጭጋግ ታጥሮ፣
አልዲስ ኮምፒውተሯን ስትከፍት ጠበቃት አንድ ማስታወቂያ፣
ሰው ያልጻፈው፣ ስም የሌለው፣ የማሽን ማስጠንቀቂያ፦
«ከነገ ሌሊት ጀምሮ ዘጠና ቀን ያለፈው ሁሉ
ከኢሜይል ሣጥን ይሰረዛል በሙሉ።
ቦታ ለመቆጠብ ነው።»

ቦታ!
የኮልቤይን ደብዳቤዎች ስንት ቦታ ይፈጃሉ?
አርባ አንድ ናቸው፤ ከመርከብ የተላኩ፣ አጫጭር ሁሉ።
ወንድሟ ቃል ይሰስታል፦
«የሞተሩ ቀበቶ ላልቷል። ለሐሙስ አዲስ እዘዢልን።»
«ስኳር አልቋል።»
«ዓሣው ሞላ፤ በረዶ አነሰን።»
አንዴ ብቻ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፊደል እየገደፈ፣
ከልማዱ አለፈ፦
«ዓሣ ነባሪ ከነልጇ መጣች። ሞተር አጥፍተን ሰማናት።
ስትተነፍስ፣ አልዲስ፣ ቁርጥ እናታችን ናት።»

ሐምሌ ላይ መርከቢቱ ወጣች።
ባሕር የበላውን አይተፋም፤ አንዲት ጃኬት ብቻ ተገኘች።

ቦዜናን ጠራቻት፤ ከግዳንስክ የመጣች፣ ማሽን የምታባብል፣
ጓንቷን በጥርሷ አውልቃ ቁልፍ የምትነካካ፣ የማትቸኩል።
«ኮከብ ባደርግባቸውስ?» «ኮከብ አይቆጥርም።»
«እንዳልተነበቡ ባደርጋቸውስ?» «ያልተነበበም አይምርም።
ቀን ነው የሚያየው እንጂ ፊት አያይም።
አትሚያቸዋ!»
«አትሜያለሁ። ቃሉማ ሁሉም አለ።
ወረቀት ላይ ግን ‹መልስ› የሚል ቁልፍ የታለ?»

ቦዜና ዝም አለች። የወደቡ ክሬን አቃሰተ።
ጣቷ ወርዶ ወርዶ አንድ አቃፊ ከፈተ።
«ይቺን መጥረጊያው አይነካትም። ‹ደረሰኝ› ትባላለች።
የግብር ነገር ነው፤ ሰባት ዓመት ትቆያለች።»

አንድ ባንድ ጎተተቻቸው፣
በሁለት ጣት፣ እንደ እንቁላል፦
ስኳሩን ከናፍጣው ሥር፣
ቀበቶውን ከጨው ሂሳብ፣
የዓሣ ነባሪዋን ትንፋሽ
ከክሬን ኪራይ ጎን።

«ኦዲተር መጥቶ ‹ይሄ ምንድን ነው› ቢልሽ?»
«ያልተዘጋ ሂሳብ እለዋለሁ።»

እኩለ ሌሊት መጥረጊያው ወጣ። የምሳ ግብዣውን፣
የጠፋ ጓንት ፍለጋውን፣ የአለቃውን የልደት ኬክ መዋጮ ጠራረገ።
ከ«ደረሰኝ» ደጃፍ ሲደርስ ግን ባርኔጣውን ዝቅ አደረገ።

ቦዜና ከመሣሪያ ሣጥኗ ክዳን ውስጥ፣ በእርሳስ፣
የዛሬ ሰባት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን የቀረውን ቀን ጻፈች።
ከጎኑም፦
«አልዲስን ጥሪ። ቦታ ፈልጉ።»