ሞንታርቦው ሲፈተሽ

ከጃንተከል በታች፣ በቆርቆሮ ሱቄ፣
ሦስት ሌት አነጋሁ፣ ከእንቅልፍ ርቄ፤
የእድሩን ሞንታርቦ ሆዱን ዘርግፌ፣
የከሰለ ጥቅሉን በምላጭ ገፍፌ፣
ከፀጉር የቀጠነ መዳብ ስጠመጥም፣ አርባ ላይ ስደርስ፣
አንድ ባለባጃጅ "ቻርጀር አለህ ወይ?" ሲል፣ ቁጥሩ ድምስስ።
ፈታሁት፤ ከአንድ።

ዛሬ ኮላው ደረቀ፤ ሙከራ ይቀረዋል፤
ቸኩሎ የለቀቀ፣ የጠገነውን መልሶ ያነደዋል።
መጀመሪያ ጣት ነው፤ በሁለት አውራ ጣት እኩል ተጫንኩና፣
ገባ፣ ወጣ፤ ገባ፣ ወጣ፤ ጆሮዬን ጣልኩና
አዳመጥኩ፤ አይፍቅም። ቴስተሩን አስነካሁ፣ መርፌው ተነሣና
ስድስት ላይ ቆመ። ደህና ነው። ደህና።

ከአሮጌ ሬዲዮ አንድ ባትሪ ድንጋይ አውጥቼ፣
ሁለት ጫፉን ነካሁ፣ ትንፋሼን ገትቼ፤
ጧ!
ወደ ውጭ ተነሣ።
ወደ ውስጥ ቢገባ ኖሮ፣ ሽቦው ተገልብጦ፣ ሌላ ሌት፣ ሌላ አበሳ።

አቶ ይግዛው መጡ፣ የእድሩ ዳኛ፣ መዝገብ በብብታቸው፤
"በል አሰማኝ" አሉኝ፤ ማይኩን ሰጠኋቸው።
ግን ምን ይባልበታል?
ይህ ሞንታርቦ አፉን አንዴ ከከፈተ፣
ሠፈር የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሞተ።
አምና "አንድ፣ ሁለት" ብለን ስንሞክረው፣
ወይዘሮ አንጓች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣
"የማን ቤት ነው?" እያሉ፣ ከቀሃ ወዲህ ማዶ፣
ዳገቱን ወጡት፣ ሊጥ በእጃቸው፣ ጉልበታቸው ርዶ።
ባላቸው ነበሩ የታመሙ፤ አሁንም አልሞቱም፤
እኛን ግን ከዚያ ወዲህ ቀና ብለው አላዩም።

ስለዚህ በሩን ዘጋን፤ በብርድ ልብስ ጠቀለልነው፤
የድምፁን ቁልፍ፣ የጥፍር ታህል፣ ገፋ አደረግነው።
አቶ ይግዛው መዝገብ ገልጠው፣ የሚሉትን ሲያጡ፣
ወርኃዊ ያልከፈሉ፣ ግን ሕያው የሆኑ፣ ስሞች መረጡ፤
በሹክሹክታ፦
"ሙጬ ዘገየ፣ ሁለት ወር።
ባንቺአምላክ ተገኝ፣ አንድ ወር።
ሰጠኝ አንጥረኛው፣ መንፈቅ ከምናምን..."
ድምፁ ጠራ። "ሰ" አይፏጭም፣ "መ" አያጓራም፤
ጀርባውን ዳሰስኩት፤ አይግልም፣ አያሰጋም።
ከብርድ ልብሱ ሥር፣ የሙት ስም ሲጠራ በኖረው አፍ፣
ጥርት ብሎ መጣ፣ አንድ ፊደል ሳይዘል፣ ሳያልፍ፦
"ፈንታሁን፣ ራዲዮ ጠጋኙ፤ አራት ወር።"

ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።
"ይሠራል" አልኩ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ።
ዕዳዬን ከጥገናው ዋጋ ተቀናሽ አድርጌ፣
ባጃጅ ላይ ጫንኩላቸው፦
"አደራ፣ ብዙ አይናገር።"