ውሸታሙ ሰዓት

በጎዞ ደሴት ላይ፣ በደብራችን ግንባር፣
ሁለት ሰዓት አለ፣ ጎን ለጎን የሚዞር።
አንዱ ልኩን ሲነግር፣ አንደኛው ይዋሻል፤
ሰይጣን ነፍስ ሊነጥቅ ሲመጣ ያየዋል፣
የመሞቻችንን ደቂቃ ይስታል።
እንዲህ ነው የሚሉን።

እኔ ዊስቲን ነኝ፤ የደወሉ ገመድ
በመዳፌ መሃል ቆፍሮታል መንገድ።
እውነተኛውንም፣ ውሸታሙንም ሰዓት
እኔው ነኝ የምሞላ፣ ቅዳሜ በጧት።

ልጄ ሚስት ሊያገባ፣ ከፊንላንድ ምድር
ቱሊኪን አመጣት፣ ከሉተራን መንደር፣
ግድግዳው ነጭ ኖራ፣ ሥዕል ከሌለው ደብር።
መጣች ደብተር ይዛ፣ እርሳሷን ቀርጻለች፣
ከደወሉ ቤት ደጅ ደረጃው ላይ አለች።

«ለእንጨት ምስል ለምን ትሰግዳላችሁ?»
ሸሚዜን ገልጬ ትከሻዬን አሳየሁ፤
በበዓሉ ቀን ምስሉን ስሸከም ኖሬ
ሻኛ አውጥቻለሁ፣ እንደ እርሻ በሬ።
«ዳቦ» ነው የምንለው በእኛ ቋንቋ ይህን እብጠት።
ስግደቱን እንጃ፤ ክብደቱን ግን ቀመስኩት።

«ማርያም ለምን? ለአምላክ ራሱ አይነገር?»
«አባቴ» አልኳት፣ «ጀልባውን ሲነፍገኝ፣
እናቴ ናት ሁሌ ቁልፉን ያቀበለችኝ።»
ሳቀችና ጻፈች፤ ቀጠለች ሌላ ነገር።

«ኅብስቱ እውነት ሥጋ ነው?»
«እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም» አልኩ፤
«አውቃለሁ ግን፣ ፍርፋሪ ከወደቀ፣ አባ አንጅሉ
ሪህ በያዘው ጉልበት ተንበርክከው ሲለቅሙ፣
አንዲት እንኳ እስካትቀር፣ ሳያጉረመርሙ።»

«መንጽሔስ የት ነው?» አለች። ያኔ ቃል አጠረኝ።
ከርችት ፋብሪካው ጋር ነዶ የቀረው
ሳልቩ፣ ወንድሜ፣ ትዝ አለኝ።
በየዓመቱ በሙታን ወር ሻማ አበራለታለሁ፤
የት እንዳለ እንጃ። እኔ ያለሁበትን ግን አውቃለሁ።

«ኃጢአትን ለካህን፣ ለሰው፣ ለምን ይነግሩታል?
አምላክ አይሰማም ወይ?»
«ኧረ ሰምቷል» አልኩ፣ «ያውቀዋል።
ሃያ ሁለት ዓመት ሌሊት ሌሊት ነግሬዋለሁ፤
የሚቀረኝ ሰው ነው። ሰውን እፈራለሁ።»

እርሳሷ ቆመ። ደብተሯን አጠፈች።
ከዚያ ያልጻፈችውን ቀስ ብላ ጠየቀች፦
«ደወሉን ደውለህ ሰውን ትጠራለህ፤
ሲቆርቡ ግን አየሁ፣ ከዓምዱ ኋላ ትቆማለህ።
ለምን?»

ያን ቀን ተራው የእኔ ነበር። «አሞኛል» አልኩት።
አላመመኝም። ካርታ ቤት ነበርኩ፣ ስጫወት።
ሳልቩ በእኔ ፈንታ ባሩዱን ሊወቅጥ ሄደ፤
ከምሳ በኋላ ሰማዩ በጠራራ ፀሐይ በርችት ነደደ።
ነገርኳት። ዝም አለች።
ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤
ሐሰት ነው። የኔ ነቅዟል፣ ዱቄት ሆኗል በሙሉ።

«ይህ ይቆጠር ይሆን?» አለች።
«አይቆጠርም» አልኩ።
ግን ከሸክሙ ሥር አንዲት ትከሻ ገባች።

ቅዳሜ ግንቡ ላይ ወጣሁ። እውነተኛውን ሞላሁ።
በውሸታሙ ፊት ቁልፉን ይዤ ቆየሁ።
ከታች፣ በኑዛዜው ሳጥን፣ መብራቷ በርታለች፤
ወረፋው ሦስት ሰው ነው፣ አንዷ ሕፃን አዝላለች።
አባ አንጅሉን ደወል መሳብ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣
በዘጠኝ ዓመቱ፣ ገመዱ አንስቶት ሲሄድ፣ እግሩን ይዤ ያወረድኩት።

ወረድኩ።
አራተኛ ሆኜ ቆምኩ።
ቁልፉ አሁንም እጄ ላይ ነው።