ዘጠነኛዋ ብይ

ሚያዝያ ሊወጣ ሲል፣ በረዶው ሳይለቅ ከሜዳ፣
ከስታይንባክ ፖስታ ቤት ተጠራን፤ ካርቶን ሙሉ እንግዳ፤
ሃያ አምስት የሥጋ ዶሮ፣ ስድስት የተርኪ ጫጩት፣
ሌሊቱን ሙሉ በመኪና እየጮኹ የመጡት።

ዶሮዎቹስ ግድ የለም፤ በሉ፣ ተኙ፣ ደግሞ በሉ፣
በስድስት ሳምንት ደረታቸው ከብዶ ተንበርክከው ዋሉ።
የተርኪ ልጅ ግን ሞኝ ነው፤ መኖ ላይ ቆሞ ይራባል፤
ሁለት ጣት በማይሞላ ውሃ አንገቱን ደፍቶ ይሰጥማል።

«ብልጭልጭ ነገር ጣሉበት፤ ልልቀም ሲል ይጠጣል» አለ
ጎረቤታችን ፍሪሰን፣ አጥሩ ላይ እንደተንጠለጠለ።
ኖላዊ ብዮቹን አመጣ፤ ዘጠኝ፤ ቆጥሮ፣ አስቆጥሮ፣
«ብድር ነው» አለ፣ እንደ ባንክ ሰው ግንባሩን ቋጥሮ።

በሐምሌ ሲቆጠሩ ስምንት።
ሰማያዊዋ የለችም።
እህቱን ሶስናን ከሰሳት፤ ማለች፤ አላመናትም።
በጋውን ሙሉ ራት ላይ ጎን ለጎን አልተቀመጡም።

ተርኪው ጎረመሰ፤ ጢሙን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ፣
ታምሬ ከመኪናው ሲወርድ ይገጥመዋል ክንፉን ጥሎ፣
ፊቱ ቀይ፣ ፊቱ ሰማያዊ፣ «አባወራው እኔ ነኝ» ብሎ።

ጥቅምት ገባ። የማረጃ ቤቱ ወረፋ እስከ ኅዳር ሞልቷል፤
ታምሬ ከነጭነቱ ተንደር ቤይ መንገድ ላይ ተይዟል፤
ነገ በረዶ ነው ይላሉ፤ የመኖው ጆንያ አልቋል።

እኔ ባደግኩበት ደጅ ሴት ዶሮ አታርድም፤
ወንድ ከጠፋ መንገደኛ ይጠራል፤ ስሙም አይጠየቅም።
ፍሪሰን «ላግዝሽ?» ብሎኝ ነበር።
«ግዴለም» አልኩት። ለምን እንዳልኩት እስካሁን አላውቅም።

ካዋሰኝ ቆርቆሮ ፈነል ተርኪውን ቁልቁል ከትቼ፣
ስልኩን አጥሩ ላይ አስደግፌ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቼ፣
ባሌ ከነዳጅ ማደያ ሊባርክ፣ እኔ ቢላ አንሥቼ፤
«በስመ አብ» አለ ታምሬ፣ «ወወልድ» —
መስመሩ ተቋረጠ።
እጄ አየር ላይ ቀረ። ተርኪው በአንድ ዓይኑ አፈጠጠ።
«ወመንፈስ ቅዱስ» አልኩ እኔው።
ቢላው ቆረጠ።

ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት መሆኑን በጨለማም አውቃለሁ፤
የአሥራ አራት ኪሎ ፈረሰኛ ግን የት እንዳለ እፈልጋለሁ።
ጨጓራውን ስሰነጥቅ
ቢላው ቂው አለ።
ጠጠር፣ ስንዴ፣ አንድ ብሎን፤
ከመሐል አንዲት ብይ፣
ሰማያዊነቷ ደብዝዞ፣ ብርጭቆዋ ተፍቆ፣
በጋውን ሙሉ ስትፈጭ ከርማ።

አጥቤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ኖላዊ ብዙ አያት።
ቃል ሳይናገር በጣቱ ወደ እህቱ አንከባለላት።
ሶስና መለሰችለት።

ደጅ፣ አጥሩ ላይ የረሳሁት ስልክ ጮኸ፦
«ሃሎ? አለሽ?
ወወልድ ላይ ነበርን።»